ለውዴ ትንፋሽ የመረጥነው ማሽን

ያን ቀን በቤታችን የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ መምህር ጌጡ፣ እናቱ እማሆይ ወለተ ሥላሴ፣ የጭነት መኪና የሚነዳው ታናሽ ወንድሜ አዱኛ፣ የግቢያችንን የኋላ ክፍል የተከራየችው ነርስ ሲስተር ዘነቡ፣ እና ልጄ ውዴ ነን። ውዴ ገና ትምህርት ቤት መግባቷ ነበር። በሩ ላይ የተሰበሰበውን ገበያተኛ አልቆጥረውም፤ እሱ መጀመሪያ የሰማው ድምፅ ብቻ ነው፣ ያየው በኋላ ነው።

ይህን ያስታወሰችኝ ራሷ ውዴ ናት። አሁን ደብረ ታቦር ትኖራለች፤ አግብታ ወንድ ልጅ ወልዳለች። ባለፈው ሳምንት በስልክ ሁለት ፎቶ ላከችልኝ፤ ሁለቱም የቤት አቧራ የሚስብ ማሽን፣ ቫኪዩም የሚሉት ነው። ወዲያው ደወለች። «እማዬ፣ የትኛውን ልግዛ? አንዱ ሽቦ የለውም፣ እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። አቧራው ጆግ በመሰለ ነገር ውስጥ ይጠራቀማል። ሌላው ከረጢት አለው፤ ሲሞላ አውጥቶ መጣል ነው።» እኔም «እኔን ነው የምትጠይቂ? ባልሽ ኢንጂነር አይደለም ወይ?» አልኋት። «እሱማ የሚያምረውን መርጧል» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆረጠችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማዬ፣ ልጁ ሲስቅ ደረቱ ውስጥ ፉጨት ይሰማኛል።» ያን ፉጨት አውቀዋለሁ። እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ የተማርሁ ሴት ነኝ፤ ስለ ማሽን ባላውቅም ስለዚያ ፉጨት ግን የሚነግረኝ ሰው አያሻኝም። «ዛሬ እንዳትገዢ፤ አስቤ ልደውልልሽ» አልኋትና ተቀመጥሁ። ፎቶዎቹን እያየሁ ሳለሁ የዚያ ቀን ሽታ አፍንጫዬ ላይ መጣ፤ የጋለ ሞተር፣ የበግ ጠጉርና የአቧራ ሽታ።

ያኔ ንፋስ መውጫ አስፋልት አልነበራትም። ከወረታ ወደ ወልድያ የሚያልፈው የጭነት መኪና ሁሉ አቧራውን የሚያራግፈው በእኛ በር ላይ ነበር። መኪናው ያስነሳውን ደግሞ ነፋሱ ተቀብሎ በየቤቱ ያድለዋል። ወንዱ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ፣ ሴቷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ነው ገበያ የምትወጣ። ከመናኸሪያው አጠገብ ካሴት የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ ቴፑን ከጠዋት ጀምሮ ይከፍተዋል፣ ዘፈኑም አቧራ ገብቶበት ይንተፋተፋል። ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይሸጥ ነበር፤ በአንድ ብር ሙሉ ሣህን ድንች፣ ያውም ከምርቃት ጋር ይሰፈርልን ነበር። ዛሬ ምርቃት ብትጠይቂ ባለሱቁ ዓይን ዓይንሽን ያያል። እኔ የተወለድሁት በታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ ነው። በእናቴ ቤት ወለሉ በእበት ይለቀለቅ ስለነበር አቧራ አያነሳም። ከተማ ገብተን ባለቤቴ ወለሉን በሲሚንቶ ሲያስለስን ስልጣኔ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ሲሚንቶው ግን ብርድ ነው። ብርዱን ለመከላከል አጎዛ አነጠፍን፣ በመደቡ ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ደራረብን፣ ኮርኒሱን አቡጀዲ ወጠርንበት። ለካ ለአቧራ ማደሪያ እያዘጋጀን ኖሯል።

ውዴ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነው ሕመሙ የጀመራት። አንዳንዴ ደህና ስትጫወት ትቆይና ትንፋሿ ያጥራል፤ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ዋሽንት ይጮኻል፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይነሳል። ጎረቤቱ «ብርድ መቷት ነው» ይላል። እማሆይ ጠበል ወሰዷት፤ እኔም ማር በነጭ ሽንኩርት ሰጠኋት፤ ጤና ጣቢያውም ኪኒን ሰጠን። በመጨረሻ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰድናት። ዶክተሩ በጆሮ ማዳመጫው አዳመጣትና «አስም ነው። ዋናው ጠላቷ አቧራ ነው። አጎዛውን አውጡ፤ ቤቱን በመጥረጊያ አትጥረጊ፤ መጥረጊያ አቧራውን ያስነሳዋል እንጂ አያወጣውም» አለኝ። «እንግዲያ በምን ልጥረግ፣ ዶክተር?» ብዬ ብጠይቀው ሳቀ። ቤት ተመልሰን አጎዛው ይውጣ ስል እማሆይ «አጎዛ በሌለበት ቤት እንግዳ ምን ላይ ይቀመጣል? እንደ ፈረስ ቆሞ ይደር?» አሉ። ባናውንስ ማን ያወጣዋል? የንፋስ መውጫን ብርድ የማያውቅ ብቻ ነው ያለ ባና ተኛ የሚል። ከዚያ በኋላ ቤቴን የምጠርገው ልጄን ውጭ አስቀምጬ፣ ወለሉን ውኃ ረጭቼ፣ ትንፋሼን ይዤ ሆነ።

አዱኛ ይህን ሲሰማ «እታለም፣ ባሕር ዳር ሆቴሎቹ ውስጥ አቧራውን የሚውጥ ማሽን አለ፤ እኔ አመጣልሻለሁ» አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ፣ ሁለት ነገር በሁለት ክንዱ ታቅፎ ገባ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ወዳጁ ሁለቱንም አምኖ ሰጥቶት ነው። የመረጥነው እኛ ዘንድ ይቀራል፣ ሌላው ደሴ ላለ ገዢ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጭነቱን ይዞ ሳይመሽ ወልድያ መድረስ አለበት። አንደኛው ሰማያዊ በርሜል የመሰለ ነው፤ ጎማ አለው፣ ቱቦው እንደ ዝሆን ኩምቢ ነው። ሁለተኛው ቡናማ ነው፤ የተኛ ግልገል ያክላል፤ ሆዱ ሲከፈት የወረቀት ከረጢት አለው፣ ከጀርባው ደግሞ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር ተደርቦበታል። እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሁለቱንም ዞረው አዩአቸው።

«አዱኛ፣ ጥርሳቸውን አይተህላቸዋል?» አሉ።

«እማሆይ፣ እነዚህ ጥርስ የላቸውም፤ መዋጥ ነው ሥራቸው።»

«ጥርስ የሌለውማ እኔም አለሁ። ሰው በግ ሲገዛ ላቱን ዳብሶ ነው፤ የነዚህ ላታቸው የት ነው?»

ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለና ከስሩ የተጻፈውን ማንበብ ጀመረ። «ይህ ሰማያዊው ዋቱ እጥፍ ነው። ጉልበት አለው። የምንፈልገው ጉልበት አይደለም ወይ?» አለ። ከውጭ የአዱኛ ረዳት ጥሩንባውን አንድ ጊዜ ነፋ። «ቶሎ በሉ፣ ወገን፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው» አለ አዱኛ። እማሆይም አከሉበት፤ «ሞክሩት የምትሉትን እሱ ሳይወጣ ሞክሩት። እሱ ከወጣ በኋላ በዚህ ቤት ዛሬ የሚጠርግ የለም።» ይህ የአገራችን ወግ ነው። መንገደኛ ከቤት ሲወጣ ተከትሎ ቤት መጥረግ ዱካውን መጥረግ ነው፤ መንገደኛው አይመለስም ይባላል። እናቴም አያቴም እንዲህ ነበሩ። ሾፌር ወንድም ያላት ሴት ደግሞ ይህን ወግ አትዳፈርም፤ በወልድያ መንገድ ያለውን የጋሸናን ገደል ስታስብ እጇ መጥረጊያ አይነካም።

ሰማያዊውን ሰካነው። ሲነሳ ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ውዴ ጆሮዋን ይዛ እየሳቀች አልጋው ላይ ወጣች። ገበያተኛው የሚጮኸው ምን እንደሆነ ለማየት በራችን ላይ መሰብሰብ ጀመረ፤ ጤፍ የጫነው አህያ ደንብሮ ጭነቱን ጣለ፤ አንዱ «መምህር ቤት ወፍጮ ተከሉ!» ሲል ሰማሁት። አዱኛ «በሩን ዝጉት፣ ገበያው ሁሉ ገብቶ ሊያይ ነው» አለ። በሩን ዘጋን፤ በመስኮቱም ያጮልቁ ስለነበር መስኮቱንም ዘጋነው። ማሽኑ አጎዛውን ሲነካው ጠጉሩ ተነስቶ ቆመ። ከመደቡ ስር የጠፋ የውዴ ማርዳ፣ የሽንብራ ፍሬ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ያገኘውን ሁሉ እየዋጠ እንደ በረዶ ያንኳኳል። እማሆይ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ይህ ነው ወንድ! ይህ እኛ ዘንድ ይቅር!» አሉ። ባለቤቴም «ዋት ማለት ይህ ነው» አለ። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ለምን እዋሻለሁ። በእጄ መጥረጊያ ሳልይዝ ቤቴ ሲጸዳ የመጀመሪያዬ ነበር።

በመስኮቱ ስንጥቅ አንድ ዘንግ የፀሐይ ብርሃን ገብቶ ነበር። ድንገት ዓይኔ እሱ ላይ አረፈ። ብርሃኑ ውስጥ ዱቄት ይፈላል። ከወፍጮ ቤት እንደሚወጣው፣ የላመ፣ የማይወርድ ዱቄት። ምንጩን ፈለግሁት፤ ከማሽኑ ጀርባ ነው የሚወጣው። በፊት ለፊት ሽንብራውን ይውጣል፣ በጀርባው ደግሞ የላመውን አቧራ በትኩሱ ይተፋዋል። ዞሬ ወደ አልጋው አየሁ። ውዴ አትስቅም። ሁለት እጇን በጉልበቷ ላይ ተክላ፣ አፏን ግጥም አድርጋ ዘግታ፣ ትከሻዋ ወደ ላይ ይነሳል፣ ይነሳል። ሳሏን እየዋጠችው ኖሯል። በኋላ ስጠይቃት «ካሳለኝ አጎቴ ማሽኑን ይመልሰዋል ብዬ ነው» አለችኝ።

«አጥፉት!» ብዬ ጮኽሁ። ማን ይሰማኛል፤ ማሽኑ ከእኔ ይበልጥ ይጮኻል። ሽቦውን ከግድግዳው ነቀልሁት። ጸጥ ሲል የልጄ ደረት ብቻ ቀረ። ያ ዋሽንት ነበር፤ ከዚያ ዋሽንቱ እየቀጠነ ሄደ። ይበልጥ ያስፈራኝ መቅጠኑ ነው። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ባለቤቴ ኪኒኑን ፍለጋ ቁምሳጥኑን ያተራምሳል፤ አዱኛ «መኪና ላይ ላውጣት፣ ጤና ጣቢያ ላድርሳት» እያለ ይዞራል፤ እማሆይ «እግዚኦ፣ እግዚኦ» ይላሉ። በሩ ተደበደበ። «ክፈቱ! እኔ ነኝ፣ ዘነቡ ነኝ!» መወርወሪያውን ማን እንደከፈተው አላውቅም።

ሲስተር ዘነቡ ወደ ስማዳ፣ ወገዳ ጤና ጣቢያ ተዛውራ ነበር፤ በማግስቱ ልትሄድ ዕቃዋን እያሰረች ሳለች ነው ጩኸቴን የሰማችው። የማሽኑን ጫጫታ ሰምታ ሳይሆን፣ ጫጫታው ጠፍቶ የእኔ ጩኸት ሲቀር ነው የሮጠችው። ልጄን ብድግ አድርጋ ውጭ፣ ነፋስ ከማይመታው ከግድግዳው ጥግ አስቀመጠቻት። ከደረቷ ኪስ አንዲት አነስተኛ ሰማያዊ ነገር አወጣች፤ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ነው፤ ያኔ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም ነበር። «ውዴ፣ እኔን እዪኝ። እኔን ብቻ። ተንፍሺ፣ ሁሉንም አውጪው። አሁን ሳቢ። ሳቢ፣ ሳቢ፣ ያዢው… ጎበዝ።» ደገመችው። ገበያተኛው ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። እኔ የልጄን ጣቶች ይዤ ጥፍሯን አያለሁ፤ ጥፍሯ ቀለሙን እስኪመልስ ድረስ የኖርሁት ዕድሜ ከሌላው ዕድሜዬ ሁሉ ይረዝማል። ከዚያ ውዴ በደንብ ሳለች። እንደዚያ ሳል የጣመኝ ነገር የለም።

እማሆይ መድኃኒቱን አዩትና «ልጄ፣ ይህ የማን ነው?» አሉ።

«የእኔ ነው፣ እማሆይ።»

«የአንቺ? አንቺም?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ።»

«ታዲያ ሁልጊዜ ጉንፋን ነው ስትይን የነበረው?»

«ነርሷ ታማሚ ናት ከተባለ ማን መርፌዬን ያምናል? ደግሞ ባል እንዳላጣ ብዬ ነው» አለችና ሳቀች። ስትስቅ የእሷም ደረት ሲያፏጭ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አንድ ግቢ ስንኖር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ጥሩንባው አሁን ደጋግሞ ይነፋል። አዱኛ ፊቱ ገርጥቷል፤ ሰማያዊውን በርሜል አንስቶ መኪናው ላይ ጣለው። ሲስተር ዘነቡ ግን ቤቱን አየችና «በዚህ አቧራ ውስጥ ይህች ልጅ ዛሬ አትገባም። መጸዳት አለበት» አለች። እማሆይ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ። «አዱኛ ሊወጣ ነው! ተከትለን ልንጠርግበት ነው?» «እማሆይ፣ ልጅቷስ?» «ልጅቷም ልጄ ናት፣ እሱም የሰው ልጅ ነው! ጋሸና ላይ አንድ ነገር ቢሆን ማን ይመልሰዋል?» ሁለቱም አልተሳሳቱም። እኔ መሀል ቆምሁ። አንዱ ወንድሜ ነው፣ አንዷ ልጄ ናት። አዱኛ ሁላችንንም አየና በበሩ መድረክ ላይ ቆመ። አንድ እግሩን ውስጥ፣ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ መቃኑን ያዘ። «እማሆይ፣ እኔ ገና አልወጣሁም። እዚህ ቆሜያለሁ። እታለም፣ በዚያኛው ጥረጊ።» ረዳቱ ከመኪናው ላይ «አያ አዱኛ፣ ምን ሆነሃል?» ብሎ ጮኸ። «በር ሆኛለሁ! ዝም በል!» አለው። ገበያተኛው ሳቀ፤ እማሆይም ሳይፈልጉ ሳቁ።

ቡናማውን ሰካሁት። በሩ ክፍት፣ መስኮቱ ክፍት። ድምፁ እንደ ሰማያዊው አያስፈራም፤ ቀስ እያለ ነው የሚስበው፤ በአጎዛው ላይ ሦስት አራት ጊዜ መመለስ ነበረብኝ። ባለቤቴ «ዋቱ እኮ ትንሽ ነው» አለ ቀስ ብሎ። መስኮቱን ለአንድ አፍታ ገርበብ አድርጌ ብርሃኑን በማሽኑ ጀርባ ላይ አሳረፍሁትና ጎንበስ ብዬ አየሁ። እጄን ከጀርባው አስቀመጥሁ፤ የሚወጣው አየር ሞቅ ያለ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው። ብርሃኑ ውስጥ የሚፈላ ዱቄት የለም። ያንን ነጭ ጥጥ ሲስተር ዘነቡም ነካ አድርጋ አየችው። «ይህ እኛ ዘንድ ይቅር» አልሁ። ማንም አልተከራከረኝም። ቤቱ እስኪያልቅ አዱኛ ከመድረኩ አልተንቀሳቀሰም፤ ሲያልቅ ማሽኑን ነቅዬ ጥግ አስቀመጥሁት፣ እሱም እማሆይን ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። ወልድያ በሰላም ገባ።

ሲስተር ዘነቡ በማግስቱ ጠዋት ወደ ወገዳ ሄደች። መድኃኒቷን በውዴ እጅ ትታላት ነው የሄደችው፤ ባሕር ዳር ካልሆነ በስተቀር በቀላሉ አይገኝም ነበርና። «አንቺስ?» አልኋት። «ሌላ አለኝ፣ ሻንጣዬ ውስጥ ነው።» «ሻንጣሽን አብሬሽ ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ አላየሁም።» «ነርስ የደበቀችውን አንቺ ታያለሽ?» ብላ ሳቀችና መኪናው ተነሳ። የዚያን ጊዜ የወገዳ መንገድ ደህናውን ሰው እንኳ የሚያፍን አቧራ ነበረው። በመኪናው ኋላ የተነሳው ደመና እስኪወርድ ቆሜ አየሁት። ከወራት በኋላ አንድ የስማዳ ማር ነጋዴ ቤታችንን አፈላልጎ መጣ። «ሲስተር ልካኝ ነው፤ ውዴ እንዴት ትተነፍሳለች ብላለች» አለኝ። ደህና ናት፣ ሮጣ ትጫወታለች በላት ብዬ ላክሁት። እሷስ እንዴት ናት ብዬ ብጠይቀው «ሥራ ላይ ናት» ብሎ ብቻ መለሰልኝ።

ቡናማው ማሽን ብዙ ዓመት አገለገለን። የወረቀት ከረጢቱ አልቆ ሲጠፋ ከአቡጀዲ ሰፋሁለት፤ አቡጀዲው ግን የላመውን አቧራ አይዝም፣ ውዴም ወዲያው ታውቅብኛለች። ስለዚህ ባሕር ዳር ሰው በሄደ ቁጥር ከረጢት እንዲያመጣልኝ ስለምን ኖርሁ። ለውዴ መልሼ ስደውል ይህንኑ ነገርኋት። «ልጄ፣ አፉ ምን ያህል እንደሚውጥ አትዪ፤ ጀርባው ምን እንደሚተፋ እዪ። ጆግ ያለውን ስትደፊው አቧራው ተመልሶ ፊትሽ ላይ ነው። ከረጢቱ ደብረ ታቦር የሚገኝ እንደሆነ ሳታረጋግጪ አትግዢ። ባለሱቁ አስነስቶ ያሳይሽ፤ እጅሽን ከኋላው አድርጊ። ልጁን ግን ይዘሽ አትሂጂ።» ከረጢት ያለውን ገዛች። ልጁንም ሐኪም ቤት ወስዳ መድኃኒት ተሰጠው፤ ዛሬ መድኃኒቱ በየፋርማሲው አለ፣ ተመስገን። ትናንት ደውላ ፉጨቱ መቀነሱን ነገረችኝ። ከዚያ «እማዬ፣ ሲስተር ዘነቡ አሁን የት ናት?» አለችኝ።

ከወገዳ ወደ እስቴ ተዛወረች ያለኝ አለ፤ ወደ ሌላ አገር ሄደች ያለኝም አለ። ከዚያ በኋላ ክፉ ጊዜ መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ጠፋ፣ ሰው ሁሉ የራሱን ቤተሰብ ፈላጊ ሆነ። ቀጠን ያለች፣ ጠይም፣ የፊት ጥርሷ ፍንጭት፣ ስትናገር ቶሎ ቶሎ የምትል፣ ስታስል «ጉንፋን ነው» የምትል ሴት ናት። ዛሬ ፀጉሯ ሸብቶ ይሆናል። በስማዳም በእስቴም በሌላም አገር ይህን የምታነቡ፣ በእሷ እጅ የተወለዳችሁ፣ መርፌ የወጋቻችሁ፣ አብራችኋት የሠራችሁ ካላችሁ፣ ንፋስ መውጫ ያለችው የውዴ እናት ትጠይቃለች ብላችሁ ወሬዋን ላኩልኝ። የት እንዳለች ብታውቁ ጥሩ ነው። ባታውቁም የሰማችሁት ወሬ ካለ፣ ከማን ጋር እንዳለች፣ መድኃኒቷን የምታገኝ እንደሆነ፣ እንዴት እንደምትተነፍስ ንገሩኝ።